ድንጋይ የለበሰ ግድግዳ

የያዙኝ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በእግሬ ስመጣ ነው። ከረጢቴ ውስጥ በሶ ነበረ።

«ለማን ነው የምታደርሺው?» አለኝ አንዱ፣ የልጅ ልጄ የሚሆን ወታደር።

«ለአፌ» አልሁት። አላመነኝም፤ ለታጣቂዎች ስንቅ የማደርስ መሰለው።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሴቶች ብቻ ታጉረንበት ነበር። ከግድግዳው ጀርባ ሽንት ቤት ነበረ። ፍሳሹ እየሰረገ ግድግዳውን አረንጓዴ አድርጎታል፤ የምንጎርሰውም እንጀራ እሱን እሱን ይላል። አጠገቤ የምትተኛ የአዴት ገበሬ ሚስት እግሯ ቆስሎ አብጦ ነበር። ትሉን በነጠላዬ ጫፍ የምለቅምላት እኔ ነበርሁ። ሐኪም ቤት ውሰዷት ስንል «መኪና የለም» ይሉናል።

አንድ ማለዳ መኪና መጣ። ቀለም ጭኖ።

ነገ የእስረኛ አያያዝ የሚያዩ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን መጀመሪያ አመድማ ቀባው፤ ነጭና ጥቁር በስፖንጅ ጠቀጠቀበት፤ በቀጭን ብሩሽ መጋጠሚያ አሰመረለት። ቁርጥ የተጠረበ ድንጋይ መሰለ።

«መጀመሪያ አይታጠብም ልጄ?» አልሁት። ዕድሜዬን ቤት ስመርግ ኖሬያለሁ፤ ቆሻሻ ላይ ጭቃ አይለጠፍም።

«ለአንድ ቀን እኮ ነው እማማ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

የቀለሙ ሽታ ከሽንት ቤቱ ጋር ስለተቀላቀለ ያን ማታ እንጀራዬን ሳልጎርስ አደርሁ።

በማግስቱ የእስር ቤቱ ኃላፊ የአዴቷን ሴት ጥግ አስይዞ ብርድ ልብስ አለበሳት።

«እርስዎ ከፊቷ ይቀመጡ፣ እማማ። ከጠየቁዎት ደህና ነን ይበሉ። ነገ ቤትዎ ይገባሉ፤ እኔ አለሁ።»

እዚያ ከገባሁ አንቱ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። ቤቴንም ናፍቄ ነበር። ተቀመጥሁ።

እንግዶቹ ገቡ። አንዲቷ ግድግዳውን እያየች፣ «ድንጋይ ነው እንዴ?» አለች።

«ቀለም ነው» አልኋት። «ከኋላዬ ያለችው ግን ሰው ናት።»

ብድግ ብዬ ገለል አልሁ። ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገለጥሁት። ሁሉም አፍንጫቸውን ያዙ።

በዚያው በእንግዶቹ መኪና ሐኪም ቤት ወሰዷት። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ አሮጊት፣ እዚሁ ትበሰብሻለሽ» አለኝ። ሁለት ወር ጨመርሁ እንጂ አልበሰበስሁም።

ዛሬም እንደ ልማዴ ዘመድ እየጠየቅሁ እዞራለሁ። የአዴቷ ሴት በምርኩዝም ቢሆን ገበያ ትወጣለች ብለውኛል። በቀደም ፍኖተ ሰላም የእህቴ ልጅ ቤት ብገባ ሳሎኗን እንዲያ ያለ ድንጋይ አስቀብታዋለች።

«አያምርም እትዬ?» አለችኝ።

«ያምራል» አልኋት። ሰው የደከመበትን ማንኳሰስ ነውር ነው። ምሳዬን ግን በረንዳ ወጥቼ በላሁ።