ጭላሎን የመሰለው ባሕር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ደጀኔ ካሜራ አላሳዩኝም። ከአሰላ ገበያ ከፍ ብሎ ያለው ፎቶ ቤት የእሳቸው ነበር። በቀጥታ ወደ ጨለማው ክፍል አስገቡኝና ቀዩን መብራት አበሩ። በተርታ የተቀመጡ ሦስት ሳህኖች አሳዩኝ፤ የመጀመሪያው ምስሉን የሚያወጣው ዴቨሎፐር፣ መካከለኛው ውሃ፣ የመጨረሻው ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር። “ወረቀቱን እዚህ ትነክራለህ፣ ሳህኑን ቀስ እያልክ ትወዘውዛለህ፣ ሁለት ደቂቃ ትቆጥራለህ” አሉኝ።

የግድግዳው ሰዓት ቆሟል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ የለም፣ የከለከለኝም የለም። አንዱን ግጥሜን በልቤ እያልኩ ሁለት ደቂቃ ለካሁ። የነከርኩት የሙሽሮች ፎቶ እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ።

“በምን ቆጠርከው?”

“በግጥም፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው ግጥምህን አሳጥረው” አሉ። “ሙሽሪት ለቅሶ ላይ የተቀመጠች መሰለች።”

ሦስት ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ ሠራሁ። ከባዶ ወረቀት የሰው ፊት ብቅ ሲል ማየት አንድ ቀንም አልሰለቸኝም። ምኞቴ ግን ካሜራ ይዞ ደጅ መውጣት ነበር። በእኛ ፎቶ ቤት ማዕረግ አለ፤ አጣቢ፣ ከዚያ አታሚ፣ ከዚያ አንሺ። እኔ አታሚ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ትልቁ ሥራ መጣ። ለአብዮት በዓል አሰላ ውስጥ የእርሻ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው። ማዳበሪያ ከመርከብ ወርዶ የአርሲ ገበሬ ማሳ እስኪደርስ የሚጓዘውን መንገድ ያሳያል። የኮሚቴው ኃላፊ ጓድ ተፈራ ለመግቢያው ግድግዳ የአሰብን ወደብ ፈለጉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በአንድ ፎቶ፣ ሦስት ሜትር ተኩል ርዝመት!

ያን ሁሉ ስፋት በአንዴ የሚያነሳ ካሜራ አልነበረንም። ጋሽ ደጀኔ ማኅተም የበዛበት የፈቃድ ደብዳቤ ይዘው፣ ማዳበሪያ በሚያመላልሰው በሾፌሩ በጀማል መኪና አሰብ ወረዱ። አንድ መጋዘን ጣሪያ ላይ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁመው ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ሰባት ጊዜ አነሱ። ሲመለሱ ሰባት ኔጌቲቭና የወባ ትኩሳት ይዘው መጡ።

“አንተ ትቀጥለዋለህ” አሉኝ አልጋቸው ላይ ሆነው። “ግድግዳው ላይ ከዋለ ካሜራ እሰጥሃለሁ። ከተበላሸ ግን የካሜራ ነገር እንዳታነሳብኝ።”

አሠራሩ ይህ ነው። ሰባቱን ፎቶ በአንድ ዓይነት ድምቀት ታትማለህ። የአንዱ ቀኝ ጫፍና የተከታዩ ግራ ጫፍ አንድ ቦታ ስለሚያሳዩ አንዱን በሌላው ላይ ትደርባለህ። በምላጭ ትቆርጣለህ። ላይ የሚደረበውን ፎቶ ጠርዝ፣ የሽንኩርት ልጣጭ እስኪመስል፣ ከጀርባው በብርጭቆ ወረቀት ትፍቀዋለህ። ከዚያ ሙጫ ቀብተህ ሰሌዳው ላይ ትለጥፋለህ። ዓይን መገጣጠሚያውን ፈልጎ ካጣው ሠርተሃል።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ ዝዋይ ነው፤ እሱም ከማዶው ተራራ አለው። ስለዚህ የማውቀውን ያዝኩ። የወደቡ ግንብ ከግራ እስከ ቀኝ ይሄዳል፤ ግንብ ደግሞ ቀጥ ማለት አለበት። ማስመሪያ አስደግፌ ሰባቱን ፎቶ በግንቡ ጠርዝ አስተካከልኩ። ሩቁ የባሕር ጫፍ መሐሉ ላይ ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ ዝቅ አለ። ምንም አልመሰለኝም። እኛ አገር የሰማይ ጠርዝ እንዲያ ነው፤ ጠዋት በሬን ስከፍት የማየው የጭላሎን ተራራ ነው።

ጓድ ተፈራ መጥተው አዩት። እሳቸውም የበቆጂ ሰው ናቸው፤ ባሕር አላዩም። “ግሩም ነው! ግንቡን እዩት፣ የወታደር ሰልፍ ይመስላል” ብለው ፈረሙ። በደስታ መሬት አልበቃኝም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ጀማል ገባ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ የሚቀልድ የአሰላ ልጅ ነው። ሰሌዳውን አየና ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ።

“ያ ጉርባ! አንተ ልጅ! ይሄ መርከብ ዳገት እየወጣ ነው እንዴ? ማርሽ ቀይሩለት!”

“የምን ዳገት?”

“ባሕሩ ነዋ! ጭላሎን ወስደህ አሰብ ላይ ተከልከው። ወላሂ፣ ባሕር እንደ ጠረጴዛ ነው። ዓይንህ እስኪደክም ሜዳ ነው።”

“ግንቡ ግን ቀጥ ብሏል” አልኩት፣ ፊቴ እየጋለ።

“ግንቡን የሠራው ሰው ነው፤ ቢጎብጥ ማን ይጠይቅሃል? ባሕሩን የሠራው አላህ ነው!”

እንደገና አየሁት። አንዴ ከታየኝ በኋላ ከዳገቱ በቀር ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቷል። ያን የሚያህል ሰሌዳ ያለን አንድ ነው፤ እንደገና ለመሥራት የተፈረመበትን ፎቶ መላጥ አለብኝ። ትልቁ የፎቶ ወረቀት ደግሞ አዲስ አበባም ጠፍቷል። የቀረኝ ስምንት ነው፤ የሚያስፈልገኝ ሰባት።

ጋሽ ደጀኔ ቤት ሮጥኩ።

“ጓድ ተፈራ ፈርመዋል?” አሉኝ።

“ፈርመዋል።”

“ታዲያ ምን አመጣህ?”

“ባሕሩ ጎብጧል፣ ጋሼ።”

እየተንቀጠቀጡ ተነስተው ተቀመጡ። “ጣሪያው ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ” አሉ። “የተወጠረ ክር ነው። ያልኩህን ግን አልለውጥም፤ ከተበላሸ ካሜራ የለም።”

“ልላጠው?”

“እኔ ልጠው አልልህም፣ ተወውም አልልህም።”

ላጥኩት። ሞቅ ያለ ውሃ እየነከርኩ፣ ከግራ ጀምሬ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ ቶሎ ላጥኩት።

በማግስቱ ጀማል አብሮኝ ዋለ። ሁለት ፎቶ በደህና ወጣ። ሦስተኛውን ከሳህን ሳነሳ ጥፍሬ ፊቱን ጫረው፤ ባሕሩ ላይ ነጭ ቁስል ቀረ። ትርፍ ያልኩት ወረቀት አለቀ። አምስት ወረቀት፣ አምስት ፎቶ። የቀሩትን እንደ ዕንቁላል እያነሳሁ አተምኩ፤ አምስቱም ወጡ!

አሁን ከሩቁ ጀመርኩ። ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሬ የእያንዳንዱን ፎቶ የባሕር መስመር ክሩ ላይ አስቀመጥኩ። ባሕሩ ተኛ! ካሜራው እየዞረ ስላነሳው ግንቡ ግን በየመገጣጠሚያው ተሰበረ። ስብራቱን የሚደብቅልኝ የቆመ ነገር ፈለግኩ። አንዱን በክሬን እግር፣ አንዱን በጆንያ ክምር ጠርዝ፣ ሌላውን በመርከብ አፍንጫ ቆረጥኩ። ምላጩ የክሬኑን ብረት ተከትሎ ሲወርድ ፍርሃቱና ደስታው አንድ ላይ ነው፤ ትንፋሼን የምለቀው ቁራጩ ሲወድቅ ነው።

በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ግን ባዶ ግንብ ብቻ ታየኝ። ክሬን የለም፣ ጆንያ የለም። ጀማል አጎንብሶ አምስተኛውን ፎቶ አየ። በግራ ጫፉ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ቆሟል።

“መኪናዬ ናት!” ብሎ ጮኸ። “አቦ፣ በእሷ ቁረጥ! ታርጋዋን እንዳትነካ ብቻ።”

በጋቢናዋ ጠርዝ ቆረጥኩ። ስብራቱ ከጎማዎቿ ኋላ ጠፋ።

ሰሌዳው በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ መግቢያ ተሰቀለ። ጓድ ተፈራ ከመክፈቻው በፊት ሊያዩት መጡ። ጋሽ ደጀኔም ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ።

“ግንቡ ምን ነካው?” አሉ ጓድ ተፈራ። “የፈረምኩበት ቀጥ ያለ ነበር።”

“ባሕሩን ለማስተኛት ነው፣ ጓድ።”

“ማን አዘዘህ?”

ደጅ ዝናቡ ይወርዳል፤ አዳራሹ ይበርዳል። ጀማል ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከኋላችን ቆሟል። ወደ ሰሌዳው ቀረበ። ከግራ ወደ ቀኝ እያየ ቀስ ብሎ ሄደ። አንድ ቁልፍ ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው።

“አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?” አሉት ጓድ ተፈራ።

“ሞቀኝ፣ ጓድ። አሰብ እኮ ነው።”

ጓድ ተፈራ እሱን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ። ከሁላችን አሰብን አብዝቶ ያየው ማን እንደሆነ የገባቸው መሰለኝ። “እንዳለ ይቆይ” አሉና ወደ ሌላው ግድግዳ አለፉ።

ጋሽ ደጀኔ ካሜራውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት። “ነገ ሳጉሬ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ አለ። ፀሐይ ከወጣች ከጀርባህ አድርጋት” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነሳሁ፣ ብዙ ቀጠልኩ። ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። ፎቶ ስትቀጥሉ ሁሉም መስመር ቀጥ አይልም። የትኛው ቀጥ ማለት እንዳለበት ምላጭ ሳታነሱ ወስኑ። ቦታውን ካላያችሁት ያየውን ሰው ጠይቁ።