ጉድጓድ የገባው ማሽላ

ባለፈው ሳምንት ስለ አቅርቦትና ፍላጎት ላስተምር ገብቼ፣ ተማሪዎቼን ከየቤታችሁ ገበያ የሚወጣ ነገር ይዛችሁ ኑ ብያቸው ስለነበር፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ማሽላ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፤ ያ እምክ እምክ የሚል የጉድጓድ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ጠመኔ እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። «ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። ልቤ እኮ እሷ ጋ አልነበረም፤ በደርግ ጊዜ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረው ግቢያችን ገብቷል።

ያን ዓመት የራያ ሜዳ ማሽላ እንደ ጉድ ይዞ ነበር፤ መንግሥት ግን ዋጋውን ቆርጦ፣ በዚያው ዋጋ ኮታችሁን አስረክቡ ብሎ ነበር፤ ገበያ ውስጥ ደግሞ ሰዉ በሹክሹክታ እጥፍ እየከፈለ ይገዛል። ዛሬ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አሥምሬ፣ ላቤ ጠብ እስኪል የማስረዳውን ነገር አባቴ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀው ነበር፤ እህል በርካሽ አምጡ ሲባል መሬት ይውጠዋል። የኛማ የምር መሬት ገባ። አባቴ ደህና ደህናውን ግቢያችን ውስጥ ካለው ጉድጓድ ጨምሮ፣ አፉን በድንጋይና በጭቃ መርጎ፣ ማንም እንዳይጠረጥር ጥጃችንን እላዩ ላይ አሰራት። ያ ማሽላ የበሬ መግዣችን ነበር፤ አንዱ በሬያችን በበጋው ሞቶ ሌላው ያለ ጓድ ቀርቷልና። እናቴ «አሁን ቀስ አርገህ አውጣና በሬውን ግዛ፤ ሰማዩ ከዳመነ ሁሉም በሬ ፈላጊ ነው» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «ያኔ ማሽላውስ አይወደድም? ታገሽ እንጂ» ይላታል። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ መከራው እሱ ነው።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጎረቤታችን አያ ይማም ነበር፤ «ትልቅ ሰው ለሆዱ ይዋሻል፣ ልጅ ግን አይዋሽም» ይልና፣ ኮታ ሲሰበሰብ ወላጆቹን ትቶ ልጆቹን ይጠይቃል። እኔንማ አንዴ ፍየላችን ማሳውን ስትበላበት ራሴ ሄጄ ስለነገርኩት «የኔ ሐቀኛ» ነበር የሚለኝ። ስለዚህ አባቴና እናቴ ቢጠይቀኝ የምሰጠውን መልስ እንደ ቁርኣን አስጠኑኝ። ከዚያ ወዲያ እህል ከአፌ አልዞር አለ፤ ጥጃዋ መሬቱን በኮቴዋ ጫር ባደረገች ቁጥር ሮጬ አፈሩን መልሼ እደለድላለሁ፣ አያ ይማም በመንገድ ሲያልፍ ሳል ቢለው እንኳ ጓዳ ገብቼ እደበቃለሁ።

አንድ ጠዋት መጣ። ጥጃዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «የኔ ሐቀኛ፣ ከጎተራው ሌላ እህል አላችሁ?» አለኝ። «የለንም» ነበር የተማርኩት። እኔ ግን ፍርሃቱ ገፋፍቶኝ «ወላሂ የለንም» ብዬ አረፍኩት። መሐላውን ማንም አላስጠናኝም፤ ከራሴ ነው የወጣው። ራሴን ዳበሰኝና ሄደ።

እንግዲህ መዘዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ «ልጅቱ በአላህ ስም ምላ፣ እንዴት ብዬ ማሽላ ይዤ ገበያ ልታይ?» አለና ጉድጓዱ ሳይከፈት ሰነበተ። ሰማዩ ዳመነ፤ እናቴ እንዳለችው የበሬ ዋጋ ሰማይ ነካ። አንድ ቀን ከተራራው የወረደው ጎርፍ ግቢያችንን አጥለቅልቆት አለፈ። አባቴ ጉድጓዱን ቢከፍተው ማሽላው ጠቁሮ፣ ተጋግሮ፣ ትኩስ እንፋሎት ይተፋል። ሽታው ሰፈሩን ጠራው፤ ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው አያ ይማም ነበር። እህል መደበቅ ያሳስር ነበርና እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ተነሣች። እሱ ጉድጓዱን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አየኝ። «በሉ ድፈኑት፣ በሽታ ያመጣል» ብሎ ሄደ፤ ለማንም አልተናገረም።

ያን ክረምት አባቴ ያንን አንድ በሬውን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር አቀናጅቶ ሲያርስ፣ ተራው እስኪደርሰን የዘር ጊዜው አለፈብን። ተማሪዎቼን «አንዱን ስትመርጡ የተዋችሁት ሌላው፣ እሱ ነው የከፈላችሁት ዋጋ» እላቸዋለሁ፤ በሬ ነው፣ ዘር ነው፣ ይሰላል። የማይሰላም አለ። አያ ይማም እስኪሞት ድረስ ሰላምታ አልነፈገኝም፤ ቁጣም አልሰማሁበት። ብቻ አባቴን ፈልጎ ሲመጣ፣ ደጃፋችን ላይ ቆሜ እያየሁት አልፎኝ ይገባና፣ አባትህ አለ ወይ ብሎ አፉን በቅጡ ያልፈታውን ታናሽ ወንድሜን ይጠይቀው ነበር።