ሳሉም ዘፈኑም ከአንድ ደረት

የልጄ ባል ባጃጅ ነጂ ነው። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ባጃጇን ደጃችን ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ያቆማትና ይገባል፤ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲነካካ ይቆያል። አንድ ቀን እንደዚያ እንዳለ ሳቅ አለና፣

«አባ፣ ያንተ ጉዳይ መጥቷል» አለኝ።

«የምን ጉዳይ?»

«ስለ ዘፋኝና ስለ ሙዚቀኛ ከተሠሩ ፊልሞች ወንዶቹን አክተሮች አወዳድረው፣ ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እያሉ በተርታ ጽፈዋል። ላንብብልህ?»

«አንብብ እስቲ።»

አነበበልኝ። ስሙ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ አንዱንም አላወቅሁት። ክፉ አልናገርም፣ ጎበዞች ይሆናሉ። እኔ ግን ጉልምስናዬን በሙሉ ሲኒማ ቤት ፊልም ሳጫውት የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁርዓን ቤት ከቀራሁት በቀር ሌላ ትምህርት የለኝም፤ ዓለምን ያየሁት በዚያች በማሽኑ ክፍል መስኮት ነው። እኔ ካየኋቸው አንድ እንኳ ሳይገባበት ተርታው ሲያልቅ ትንሽ ከፋኝ።

«እኛም ቤት ተርታ አለ እኮ» አልኩት። «አንደኛው ብቻ ነው ያልተወሰነ።»

«ምን ያዛችሁና ሳትወስኑ ቀራችሁ?»

ወደ አልጋው ዞርኩ። ባለቤቴ በጀርባዋ ተኝታ ትሰማናለች። ደም ግፊቷ ድንገት ወጥቶ ቀኝ እጅና እግሯን ከያዛት፣ ምላሷንም ካሰረው ስምንት ወር ሆኗል። መስማቱን ትሰማለች፤ ዓይኗም ሰው ይለያል። ቃል ግን የለም። ሐኪሙ «ሊመለስላትም ይችላል፤ አውሯት፣ አታስቸኩሏት» ብሎናል። አወራታለሁ። ስለ ገበያው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደዳነ። ብቻዬን ጀምሬ ብቻዬን እጨርሳለሁ።

ሰው ከሚስቱ ምን ምኗ እንደሚናፍቀው አላውቅም፤ እኔን የናፈቀኝ ጭቅጭቋ ነው። ልትከራከረኝ ስትነሳ መጀመሪያ «ኧ!» ትላለች። ቃል አይደለም፤ ከጉሮሮዋ ሥር የሚወጣ ነገር ነው፤ «ቆይ፣ መጣሁልህ» ማለቷ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ያንን «ኧ!» በየቀኑ ስሰማው ኖሬ፣ አንድም ቀን ሰማሁት ብዬ አላውቅም። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማው ሌላ አልጠይቅም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ሲኒማ ቤታችን ጣሪያ አልነበረውም። በድሬ ሙቀት ጣሪያ ምን ያደርጋል! ሰዉ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ ኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ አለ፤ ፊልሙ የሚታየው እሱ ላይ ነው። መግሪብ ተሰግዶ ጨለም ሲል እንጀምራለን። እኔ ከኋላ፣ ከፍ ብላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጋር ነኝ። ክፍሏ እንደ ምድጃ ትግላለች፤ ማሽኑ ሲንጫጫ ደግሞ ወፍጮ ቤት የገባህ ይመስልሃል። ሁሉን አያለሁ፤ ድምፁ ግን አይደርሰኝም። ስለዚህ እኔ የማውቃቸው ዘፋኞች በሙሉ አፋቸውን ከፍተው የሚዘጉ ዲዳዎች ናቸው። ማን ጎበዝ እንደሆነ የምለየው በእጃቸው፣ በጉሮሯቸው፣ በትከሻቸው ነበር።

ከነጩ ግድግዳ ጀርባ የሰው ግቢ አለ። የእኛ ግድግዳ ለእነሱ አጥር ነው። ድምፅ ማጉያዎቹ ግድግዳው አናት ላይ ስለተሰቀሉ፣ እዚያ ግቢ ያለ ሰው ምንም ሳያይ ሁሉን ይሰማል። የዚያ ቤት ልጅ ሲኒማ መግባት አይፈቀድላትም ነበር። መስማትን ግን ማን ይከለክላታል? የቤቱን ሥራ ጨርሳ ከግድግዳው ሥር ሰሌን ዘርግታ፣ ስፌቷን ይዛ ትቀመጣለች። እኔ ከወዲህ ብርሃኑን እልካለሁ፤ እሷ ከወዲያ ታዳምጣለች። አንተዋወቅም።

አንድ ቀን የህንድ ፊልም እያጫወትኩ ሰዉ ማፏጨት ጀመረ፤ ድምፁ ጠፍቷል። ማሽኑን ለባልደረባዬ ትቼ ሽቦውን እየተከተልኩ ስሄድ ወደዚያ ግቢ ወሰደኝ። አንኳኳሁ። እናትየዋ ከፈቱልኝ። ከኋላቸው አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ሰላምታም አልሰጠችኝም።

«ለምን አቆማችሁት? ትንፋሹን ስቦ ነበር እኮ! ሊዘፍን ነበር!»

«ማን?»

«ሰውዬው ነዋ! ያው ሰውዬ። ባለፈው ሳምንት ዓይነ ስውር የነበረው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ወታደር የነበረው።»

ሳቄን ያዝኩ። «እህቴ፣ ወታደሩ ሌላ ነው፤ ዓይነ ስውሩም ሌላ ነው። ይሄኛው ደግሞ ሪዛም ነው፤ ሦስቱም አይመሳሰሉም።»

«ኧ!» አለች። መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ድምፁን አላውቀውም እንዴ? ሲያወራ ይለውጠዋል፤ አክተር አይደል! ሲዘፍን ግን ይያዛል። አንድ ሰው ነው፣ ወላሂ!»

«ዝም በይ አንቺ!» አሏት እናቷ።

ድምፁን ያጠፋችውም እሷው ነበረች። የልብስ ማስጫ ገመዷን የእኛ ሽቦ ከተጠመጠመበት ብረት ላይ አስራ፣ ያጠበችውን ምንጣፍ ሰቅላበታለች። ምንጣፉ ከነውኃው ሲጎትተው ሽቦው ተነቅሏል። ምንጣፉን አውርደን ሽቦውን ስመልሰው ዘፈኑ ከላያችን ላይ ፈነዳ። ያንን ሰውዬ ሳላየው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ አየችኝ፤ «አላልኩህም?» ማለቷ ነው።

ብዙም ሳልቆይ ሽማግሌ ላክሁ።

ከተጋባን በኋላ፣ የህንድ አክተር አፉን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ፣ የሚዘፍንለት ከጀርባ ያለ ሌላ ሰው እንደሆነ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ነገረኝና እኔም ለእሷ ነገርኳት። ባልነገርኳት ይሻለኝ ነበር። የሷ አንደኛ ሦስት ፊት ያለው ሰውዬ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ የለም። ስፌቷን አስቀመጠች። ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን፣

«ታዲያ እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ማንን ነበር የማዳምጠው?» አለችኝ።

«ከጀርባ ያለውን ሰውዬ።»

አሰበችበት። «እንደ እኔ ግድግዳ ሥር የተቀመጠውን» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ቁጣዋ በረደ።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዋ ሌላ ጆሮ ሆነ። ወሬው አልቆ ዘፈኑ የሚጀምርባትን ቦታ ትጠብቃለች። «እዚያች ላይ ስፌቱ ይታወቀኛል» ትላለች። «የአንዱን ሸሚዝ እጅጌ ለሌላው ሸሚዝ እንደሰፉት።» ግቢና እይ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት! ባሏ ፊልም አጫዋች፣ በሩ ክፍት። «ፊቱን ካየሁት ድምፁ ይጠፋብኛል» ብላ እናቷ ግቢ ሄዳ ሰሌኗ ላይ ትቀመጣለች። ሥራ ጨርሼ አመጣታለሁ። መንገዱን በሙሉ እኔ ያየሁትን፣ እሷ የሰማችውን እየተነጋገርን ነው። ከሁለታችን አንድ ሙሉ ፊልም ይወጣ ነበር።

ተርታችን እንዲህ ነው። ሦስተኛው የፈረንጅ ጥሩምባ ነፊ ነው። ነፍቶ ሲያበቃ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ይጠርግና ደም አለው ወይ ብሎ እጁን ያያል። ማንም እንዲያይለት ብሎ አይደለም፤ የልማዱን ነው። ሁለተኛው በአረብ ፊልም ላይ ያለ የሠርግ ከበሮ መቺ ነው። ሠርጉ አልቆ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲበላ ጣቶቹ ዳቦውን ይመታሉ። ማኘኩን ያቆማል፣ ጣቶቹ አያቆሙም። በእነዚህ በሁለቱ አልተከራከረችኝም፤ «አየሁ ካልክ ይሁን» ብላ አሳልፋልኛለች።

በአንደኛው ነው የተጣላነው። የእኔ ዑድ ተጫዋች ነው፤ እሱም የአረብ ፊልም። አንድ ቦታ ላይ ክሩን ሲቃኝ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ዑዱ ሆድ ላይ ያስተኛል። ሌሎቹ አክተሮች ሲጫወቱ ነው የሚያሳዩህ፤ ይሄ ሲሰማ አሳየኝ። እኔ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ሆኜ ሰውዬው የሰማው ምን ይሆን እያልኩ ቀናሁበት።

የሷ ደግሞ ሳል ያለበት ምስኪን የህንድ የመንገድ ዘፋኝ ነው። የሙዚቃ ሳጥኑን፣ አርሞኒየሙን፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። «ይሄ ራሱ ነው የዘፈነው» ትላለች። «ሳለ፣ ዘፈነ። ሳሉም ዘፈኑም ከአንድ ደረት ነው የወጡት። ስፌት የለውም።»

«እጁ ግን ይዋሻል» እላታለሁ። «ጣቶቹ ከላይ ከላይ ይንሳፈፋሉ እንጂ አይጫኑም። አርሞኒየም ይዞ አያውቅም።»

«ኧ! እጁን ምን ላድርገው? ደረቱ አይዋሽም!»

«አንቺ መቼ አየሽው!»

«አንተስ መቼ ሰማኸው!»

ልጆቻችን እዚህ ላይ ስንደርስ ይስቁብን ነበር፤ ኋላ ኋላ ቃሉን ሁሉ አጥንተው ቀድመውን ይሉታል። ሲኒማ ቤቱ ተዘጋ፤ ሰዉ ፊልም በየቤቱ ማየት ጀመረ፤ ነጩ ግድግዳ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ክርክሩ ግን አልቆመም ነበር፤ ምላሷ እስከታሰረባት እስከዚያች ጠዋት ድረስ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ባል ነገርኩት። ተነስቶ ቁጭ አለ።

«አባ፣ ያንን ፊልም ፈልገን ለምን አናሰማትም?»

«ስሙን ማን ያውቀዋል? ፊልሙ የሚመጣበት ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አልችልም ነበር፤ በምልክት ነው የማውቀው።»

«ዘፈኑንስ?»

እሱን አውቀዋለሁ። እሷ ልብስ ስታጥብ ስታንጎራጉረው ኖራ የለም እንዴ!

በማግስቱ በባጃጁ የደቻቱን ወንዝ አሻግሮ መጋላ ገበያ ወሰደኝ። በሞባይልና በፍላሽ ዘፈን የሚጭን አንድ ጎልማሳ ሱቅ አለው፤ የድሮ የህንድ ፊልም እሱ ዘንድ አይጠፋም ይላሉ። ቆሜ አንጎራጎርኩለት። አልለየውም። ሳሉን ጨምሬ እንደገና ጀመርኩ። ሰውዬው ደንግጦ ውኃ አቀበለኝ።

«ተው እንጂ አቦ! የፊልሙ ሳል እኮ ነው» አልኩት። «ይስላል፣ ከዚያ ይዘፍናል።»

«አሃ!» አለ፤ ጉልበቱን መታ። «ቶሎ ብትስል ኖሮ!»

ፊልሙን በልጄ ባል ስልክ አስጭነን፣ የአስር ሰዓት ቡና ሳይደርስ ቤት ገባን። ልጄ እናቷን ትራስ ደግፋ ቀና አደረገቻት። የልጄ ባል ስልኩን ከፍቶ ፊቷ ላይ ሲይዝላት፣ በግራ እጇ ገፋ አደረገችውና ዓይኗን ጨፈነች። ገባኝ። ስልኩን ተቀበልኩትና ከትራሷ ጀርባ ደበቅሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደ ድሮው ሳይሆን ሁለታችንም ከግድግዳው ወዲያ ሆንን።

ሰውዬው አወራ። ሳለ። ትንፋሹን ሳበ። ዘፈነ።

እስከ ዛሬ ድረስ ያ ሰውዬ ለኔ የሚንሳፈፉ ጣቶች ነበር። ያን ቀን ጣት የለም፤ ሰው ብቻ ነው። ሳሉ ዘፈኑ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ የት ላይ እንደተገጣጠመ ብፈልግ ብፈልግ ስፌት አጣሁለት። ይህንን ስትነግረኝ ኖራ አልሰማኋትም። በፊልሙ ድምፅ ውስጥ የሷን ስፌት፣ የሷን ሰሌን፣ እኔ ማሽኑ ጋ ሆኜ ያልደረሰኝን ሁሉ የሰማሁት መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሲያልቅ ግራ እጇን ያዝኩ። «አንቺ ነሽ ልክ» አልኳት። «አንደኛው እሱ ነው። ይኸው ሰማሁት።»

ትደሰታለች ብዬ ነበር። አየችኝ፤ ፊቷ ወደቀ። እጇን ከእጄ አወጣችና ወደ ጣሪያው ዞረች። ሰው «መንገድህ አልቋል፣ ውረድ» ሲባል እንደዚያ ነው የሚያየው። ልጄ «ምን አደረግሃት?» በሚል ዓይን አየችኝ። ለካ እኔው ክርክሩን ገድዬባት ኖሯል።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ እንደ ድሮዬ፣

«እጁ ግን ይዋሻል» አልኩ።

ደጅ ላይ ባጃጅ አለፈ።

«ጣቶቹ አይጫኑም። አርሞኒየም ይዞ አያውቅም። የኔ ዑድ ተጫዋች ይበልጠዋል።»

ጭንቅላቷ ከትራሱ ላይ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። ከንፈሯ ጠመም አለ፣ ጉሮሮዋ ወጣ ገባ አለ። ጉሮሮ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ሳይወጣ አወቅሁት።

«ኧ!» አለች።

ልጄ አፏን በሻሿ ያዘች። ባሏ «እማ!» ብሎ ሊነሳ ሲል በእጄ አስቀመጥኩት። ዝም በሉ፣ ገና አልጨረሰችም። ሌላ ቃል አልተከተለም፤ ግራ እጇ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ተነስታ ደረቷን ሁለት ጊዜ መታች። ደረቱ፣ ደረቱ።

«አንቺ መቼ አየሽው!» አልኳት፣ እንባዬ እየወረደ።

የልጄ ባል ተርታችንን በስልኩ ሊጽፈው ፈልጎ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች እንደጻፉት። ሦስተኛውንና ሁለተኛውን ነገርኩት። አንደኛው ጋ ሲደርስ ባዶ እንዲተወው ነግሬዋለሁ። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ስልኩን ከትራሷ ጀርባ አደርጋለሁ፤ ሰውዬው ይስላል፣ ይዘፍናል፤ እኔም ስለ ጣቶቹ አንስቼ እጠብቃለሁ።