የሰለቸውን ቦታ ይንገረኝ

የአማርኛ መምህርታችን እትዬ አስካለ ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። በሐረር ከተማ በእርሳቸው እጅ ያለፍን ሁሉ ሐዘኑ የጋራችን ነው። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ያነበብኩት ስላሳፈረኝ ነው።

እትዬ አስካለ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሲኒማ ቤት አይቀሩም ነበር። ልጆቻቸው ስለ አዲስ ፊልም የተጻፈ አስተያየት ከስልክ ላይ ሲያነቡላቸው፣ ሙገሳ ብቻ ከሆነ ያቋርጧቸዋል። «ሁሉን ካመሰገነ አላየውም ማለት ነው። የሰለቸውን ቦታ ይንገረኝ፤ ያኔ አምነዋለሁ» ይሉ ነበር። ቀደም ብለው ሄደው በር ላይ ይቆሙና፣ አይቶ የሚወጣውን ወጣት ፊልሙ የቱ ጋ ሲደርስ ሰልችቶት ስልኩን እንዳወጣ ይጠይቁታል። እንደ መልሱ ይገባሉ፣ ወይም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ፊልሙን ካዩ ደግሞ በማግስቱ ጀጎል ውስጥ ወዳሉት ወዳጃቸው ወደ ወይዘሮ ፋጡማ ይሄዳሉ። ወይዘሮ ፋጡማ ጉልበታቸው እንቢ ካላቸው ቆይቷል። እትዬ አስካለ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩላቸዋል፤ እንቅልፍ የወሰዳቸውንም ቦታ አይዘሉም።

እኔ ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ ምን አነበብኩ? «ማንንም ሳያስከፉ የኖሩ፣ ቁጣ የማያውቁ እናት።» የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሲያቀረቅሩ ሐዘን መስሎኝ ነበር። ስጨርስ በሰው ተደግፈው የመጡት ወይዘሮ ፋጡማ እጄን ያዙና በዝግታ፣ «ልጄ፣ ያነበብክላት ሴትዮ ማን ናት? እኔ ወላሂ አላውቃትም» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

የማውቃቸው እትዬ አስካለ ቁጡ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ድርሰቴን ለክፍሉ ማንበብ ጀምረው መሀል ላይ አቆሙና «ሰለቸኝ» አሉ። ተማሪው ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። ከትምህርት በኋላ ግን አጠገቤ ተቀምጠው፣ የሰለቻቸውን ቦታ አብረን እስክናቃና ድረስ አልተነሱም። ዛሬ ጽፌ የማድረው በዚያ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያንን ያነበብኩት።

እትዬ አስካለ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ በእርስዎ ስም የሌላ ሴት ታሪክ አነበብኩ። እርስዎ ቢሰሙት ገና ከመጀመሪያው ያስቆሙኝ ነበር። አፍሬያለሁ። ደህና ይሁኑ፤ ቁጣዎንም ደግነትዎንም አይቼ ነበር።