የሼኪ ዛፍ

ዝናብ ያራሰው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚሸተው ሽታ፣ ዛሬም በምን አለሽ ተራ ሳልፍ እግሬን ይይዘዋል። የቁርኣን ቤታችን እዚያው ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጀርባ ነበር፤ ሰሌን የተነጠፈባት ጠባብ ክፍል፣ በጣሪያዋ ሽንቁር ብርሃን የሚንጠባጠብባት። መምህራችንን ሼኪ እንላቸው ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው። መዶሻው ሲበረታ ጮክ ብለን እንድንቀራ ያዙናል። ቀጥቃጮቹ ለምሳ አርፈው ጸጥ ሲል ግን ከቁርኣን ምሳሌ ይነግሩናል። ትርጉሙን አይነግሩንም፤ ይጠይቁናል።

ጓደኛዬ የጎረቤታችን ልጅ፣ ክርስቲያን ነበረች። አብረን ወደ ቤት ልንሄድ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን ሼኪ አዩዋት።

«ፀሐይ ላይ ምን ያስቆምሻል ልጄ? ግቢና ተቀመጪ።»

የዚያን ዕለቱ የመልካም ቃል ምሳሌ ነበር፤ ሥሩ የጸና፣ ቅርንጫፉ ወደ ሰማይ የወጣ ዛፍ። «ከዛፉ የማይታየው የቱ ነው?» አሉን። እኛ እርስ በርስ ስንተያይ እሷ ከበሩ ሥር፣ «ሥሩ ነዋ፣ ጋሼ!» አለች። ሼኪ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቦታዋ አጠገቤ ሆነ።

ወሬው እናቷ ጆሮ ገባ። ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ከተፍ አለች።

«ልጄን ምንድነው የሚያስተምሩብኝ?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

የጓደኛዬን እጅ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ሼኪ ብድግ ብለው መቀመጫቸውን ለቀቁላትና የዛፉን ምሳሌ ነገሯት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «እኛም ጋ እኮ እንዲህ ያለ አለ፤ የዘሪው ሰውዬ» አለች።

«እንግዲያው የእናንተን አንቺ ንገሪን፣ እህቴ።»

ነገረችን። መንገድ ዳር ወፍ ስለለቀመው፣ እሾህ ስላነቀው፣ መልካም መሬት ስላገኘው ዘር። ሼኪ ከእኛ መሃል ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጡ ነበር።

አሁን ዱባይ ተራ ሱቄ ውስጥ ቆሜ የጓደኛዬን የመሰለ ሳቅ ስሰማ ቀና እላለሁ። ሌላ ሰው ነው።

ሰፈራችን ሲፈርስ መጀመሪያ የተነሳው የእነሱ ቤት ነበር። ዕቃቸው መኪና ላይ ተጭኖ እናቷ ወደ ሼኪ መጣች። «ለመንገዳችን አንድ ምሳሌ ይንገሩን እንጂ» አለቻቸው። ሼኪ ተነስተው ደጃፉ ድረስ አብረዋቸው ወጡ። እጃቸውን ጓደኛዬ ራስ ላይ አሳረፉ። መኪናው ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስኪታጠፍ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡና፣ «የት ነበርን?» አሉን።

እኔ አጠገቤ ባዶ በቀረው የጓደኛዬ ቦታ ላይ እጄን አሳረፍኩ።