በሁዳዴ ወተት ያወረደው ቧንቧ

ባቡሩ ገና በእንፋሎት እያለከለከ ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ ከአቃቂ ጣቢያ አጥር ሥር ሰፈሩ ውሃ የሚቀዳበት አንድ ቦኖ ነበር። ጠባቂዋ አሰጋሽ ትባላለች። የሐዲድ ሠራተኛ ባሏ ሲሞትባት እሷና ቧንቧው ቀሩ። የዕለት ጉርሷ ከእሱ ነው፤ ኑሯቸው ግን ሰላም አልነበረውም።

የቧንቧው ጠባይ አይታወቅም። ውሃው የሚመጣው ባቡሩ ከሚጠጣበት ታንከር ስለሆነ፣ ባቡሩ ሲጠጣ እሱ ያስላል። አንዳንዴ ባቡር ሳይኖርም ያስላል። እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት ይንተፋተፋል፣ ይዘላል፣ የሰው ነጠላ ያርሳል። ሲያጓራ ደብረ ዘይት ያሉ ዶሮዎች ቆጥ ላይ ይወጣሉ ይባል ነበር፤ እኔ የማምነው እስከ ዱከም ያሉትን ብቻ ነው።

አንድ ሁዳዴ ታዲያ ባሰበት። ባቡሮች ተከታትለው ታንከሩን ሊያደርቁት ደረሱ፤ ቧንቧው አየር ውጦ አጓራና የጎረቤቷን የአሰፋችን ባልዲ ነጭ ነገር ሞላው። አረፋው ሁሉ አሁን የታለበ ይመስላል።

«ወተት!» ብላ ጮኸች አሰፋች።

«ውሃ ነው እባክሽ!»

«ውሃ እንዲህ ይነጣል? በሁዳዴ ልታስገድፊን ነው?»

«ቧንቧ ውስጥ ላም አስሬ ነው?»

«እንደዚህ ቧንቧ ላም እንኳ አያጓራም!»

ተሳቀ፤ ባልዲው ሁሉ ግን ተነሥቶ ወደ ወንዝ ወረደ። ወሬው ቃሊቲ ሲደርስ ቧንቧው ቅቤም ጀምሮ ነበር።

በማግስቱም ነጭ፣ በሰልስቱም ነጭ። የሚቀዳ ጠፋ። የጣቢያው ሹም አቶ ገብረጻድቅ፣ «ሰው የማይቀዳበት ቦኖ ምን ያደርግልኛል? ቅዳሜ እነቅለዋለሁ» አሉ። አሰጋሽ ቧንቧውን ለመነችው፤ ሰደበችው፤ አፉን በጨርቅ ብታስረው ጨርቁን ፊቷ ላይ ተፋው።

ቅዳሜ ጠዋት የነፍስ አባቷን አባ ወልደሚካኤልን ይዛ መጣች። ፍርዱን ለማየት የጓጓው ሴት ሁሉ ባዶ ባልዲውን አንጠልጥሎ ተከተለ።

«አባቴ፣ እኔ ውሃ ነው እላለሁ። እሱ ግን ወተት መስሎ እየወጣ ያዋርደኛል።»

አባ ብርጭቆ አስመጡ። አሰጋሽ ቧንቧውን ከፈተችው። ቧንቧው አጓርቶ ነጩን ሞላ።

«ይኸው!» አለች አሰፋች።

አባ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሡት። ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ጠራ። ከዚያ ነጩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሸሸ፤ ደቃቅ የአየር አረፋዎች፣ ከቅዳሴ እንደሚወጣ ሕዝብ እየተጋፉ፣ በብርጭቆው አፍ ወጥተው ሄዱ። የቀረው ጥርት ያለ ውሃ ነው። አባ አሸተቱት።

«ልጆቼ፣ ይኼ ወተት ራሱ ፆም ይዟል። ቅዱ!»

አሰፋች ሁሉንም ቀድማ ባልዲዋን ደቀነች። «እትዬ አሰጋሽ፣ እኔ እኮ ድሮም ውሃ ነው ብያለሁ።»

«ብለሻል። ወንዝ ወርደሽ ስለነበር ነው ያልሰማሁሽ።»

አቶ ገብረጻድቅ መፍቻቸውን ይዘው ሲደርሱ ሰልፉ ሐዲዱን ተሻግሯል። ወደ ቧንቧው ጠጋ ሊሉ ሲሞክሩ፣ «ጋሼ፣ ተራ!» ብለው ሴቶቹ ወደ ኋላ መለሷቸው። እሳቸውም ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ አሰጋሽ ቧንቧውን ይዛ ቀና አለች።

«በምን ልቅዳልዎት ጋሼ?»

ሹሙ መፍቻውን አዩ። ሰልፉን ዞረው አዩ።

«ቆይ፣ ባልዲ ላምጣ» አሉና ሄዱ።