በጉም ውስጥ የተጠራው ሳላ

ቀስ በሉ እንጂ፣ ባሩዱን በጥድፊያ አታፍሱት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው እኮ ለእናንተ ነው። ሰናይት፣ ማሪና ሆቴል ውስጥ እንደለመድሽው ሩጫ እዚህ የለም። ይህ ነፍጥ በአፉ ነው የሚጎርሰው፤ መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ ጨርቅና የእርሳስ አረር፣ ከዚያ በዘንግ ጠቅጠቅ ማድረግ፣ መጨረሻ ላይ ክሩን ለኩሶ ፍሙን በምላጩ ባሩዱ ላይ ማሳረፍ። አንዴ ለመተኮስ ይህን ሁሉ መታገሥ ነው። እኔም የወደድኩት ለዝግታው ነው። በዕረፍት ቀን አሸዋው ላይ ሐብሐብ ደርድረን ስንተኩስ፣ ጭሱ ተነሥቶ ቀስ እያለ ሲበተን፣ ድካሜ አብሮት የሚሄድ ይመስለኛል። በሉ አሁን ተቀመጡና ከሐብሐቡ ብሉ። በዚህ ነፍጥ የደረሰብኝን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ወሩ ጥር ነበር። በዚያ ወቅት ከባሕር የሚነሣው ጉም ሻርጃን አልፎ ወደ ዛይድ በሚወስደው መንገድ እስከዚህ የእርሻ ግቢ፣ እስከ መዝራው ድረስ ይመጣል። የመዝራውን ባለቤት አቡ ሳሊምን ታውቋቸዋላችሁ። አዋሽ ላይ የዱር እንስሳት ጠባቂ እንደነበርኩ ሰምተው ሳላዎቻቸውን እንድጠብቅ የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። የእኛ አገር ሳላ ግራጫ ነው። የዚህኛው ነጭ ሆኖ እግሩ የጠቆረ ነው፤ ቀንዱ ግን ያው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። አንበሳ እንኳ አስቦበት ነው የሚጠጋው።

ከመንጋው አንዱን ወንድ፣ እናቱ ስትሞት አቡ ሳሊም በጡጦ አሳድገውት ነበር። በሰው እጅ ያደገ ወንድ ሳላ ክፉ ነገር አለው፤ ሰውን አይፈራም፣ ሲጎረምስ ደግሞ ሰውን ባላንጣው አድርጎ ያያል። ይሄኛውም ግልገሎች ገደለ፤ ቀጥሎ አንዱን ሠራተኛ ጭኑን ወጋው። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አየና መወገድ አለበት አለ፤ ፈቃዱም ወጣ። ሐኪሙ በዘመናዊ መሣሪያ እኔ ልጨርሰው ቢል፣ አቡ ሳሊም እሺ አላሉም። «በእጄ ያደገውን ሌላ ሰው አይገድልብኝም። በአባቴ ነፍጥ፣ በአንድ ተኩስ፣ ኸላስ፣ ያልቃል» አሉ።

ልንገድለው በወጣንበት ጠዋት አጥሩ በር ላይ ልጃቸው ሞዛ መኪናዋን አቁማ ጠበቀችኝ። መስተዋቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ደምሴ፣ የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ካልሄድኩ ብሏል። በሕይወት መልስልኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ክርስቲያኑ ሰውዬ «ዋላሂ እመልስልሻለሁ» ብዬ በእነሱ መሐላ ማልኩላት።

ከአጥሩ ስንገባ ዓለም ጠፋች። ከመንገዱ የሚመጣው የመኪና ድምፅ ታፍኖ የሩቅ ባሕር መሰለ። ከጋፍ ዛፎቹ ጠል ይንጠባጠባል። አቡ ሳሊም ነጭ ለብሰው ከፊቴ ሲራመዱ ጉሙ ይውጣቸውና መልሶ ይተፋቸዋል፤ አንዳንዴ ከእሳቸው የሚታየኝ የነፍጡ ክር ላይ ያለችው ቀይ ፍም ብቻ ነበረች። ሕልም እያየሁ የምሄድ መሰለኝ። ልንገድል መሄዳችንን ረስቼ ደስ ብሎኝም ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ።

ዱካውን ያገኘሁት ከዛፎቹ ሥር ነው። እርጥብ አሸዋ ዱካ አይደብቅም፤ የኮቴው ጠርዝ ገና አልፈረሰም፣ ጠል አላረፈበትም። ቅርብ ነው ማለት ነው። ቆምኩና «አባቴ፣ ነፍጡ ተሞልቷል?» አልኳቸው። «ተሞልቷል» አሉ። ለማረጋገጥ ዘንጉን በአፈሙዙ ሰደድኩ። ዘንጉ ላይ ካለው የባዶ ምልክት በላይ ቆመ፤ ባዶ ቢሆን እስከ ታች ይወርድ ነበር። እኔም ራሴ የሞላሁትን ሁለተኛ ነፍጥ ክሩን ለኩሼ ይዤ ነበር፤ ጠሉ ባሩዱን እንዳያረጥብብኝ ፍሙ የሚያርፍበትን የጆሮውን ጉድጓድ በመዳፌ ከድኜ ተከተልኳቸው።

መጀመሪያ ያየነው ቀንዱን ነው። ነጩ ገላው ከጉሙ አይለይም፤ ሁለት ጥቁር ዘንጎች አየር ላይ የቆሙ ይመስሉ ነበር። አቡ ሳሊም በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ምላጩን ሳቡ፣ ነበልባሉ ወጣ፣ ጭሱ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ሁሉንም ከደነው። የሚወድቅ ነገር ድምፅ ጠበቅኩ፤ የሰማሁት ግን የሚሮጥ ኮቴ ነው።

ጭሱን ሰንጥቆ መጣ። አቡ ሳሊም ወደ ኋላ ሊሉ ሲሞክሩ ልብሳቸው እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ በጀርባቸው ወደቁ። ሳላው በላያቸው ቆሞ አንገቱን ዝቅ አደረገና ቀንዱን ወደ ደረታቸው አቀና። እኔ ደግኛለሁ፤ ግን የት ልተኩስ? ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ በቀንዱና በግንባሩ ተጋርዷል። ብስተውና ባቆስለው እሳቸውን መውጋቱ ነው። ለሞዛ የማልኩት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሽማግሌው ምላሳቸውን ከላንቃቸው አላቅቀው ቀጭን ድምፅ አሰሙ፤ ቅ፣ ቅ፣ ቅ። ግልገል ሳለ ለጡጦ የሚጠሩት እንደዚያ ነበር። የሳላው ጆሮ ዞረ። ቀንዱ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ጎኑን ሰጥቶኝ ዞሮ ቆመ፣ አንገቱን ዘረጋ፣ የተዘረጋ እጃቸውን አሸተተና ጣታቸውን በአፉ ያዘ። ጉሙ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ያሉ መሰለኝ። አቡ ሳሊም እሱን እያዩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ደምሴ፣ አሁን» አሉ።

ክሩ ባሩዱን ሲነካና ነፍጡ ሲጮህ መካከል ትንሽ ጊዜ አለች፤ እናንተም ዛሬ አይታችኋታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ምነው ባልሳብኩት አልኩ። ሳላው ጣታቸውን እንደያዘ እግራቸው ላይ ተኛ።

ጎትቼ አወጣኋቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ከመዞሩ በስተቀር ደህና ነበሩ። የእሳቸው ተኩስ ለምን እንዳልመታው ያወቁት ቁጭ ብለው፣ ውሃ ከጠጡ በኋላ ነው። በዋዜማው ምሽት የጎረቤት ሠርግ ነበር። ወንዶቹ ተሰልፈው ሲጨፍሩ ለክብር የሚተኮሰው ባሩድና ጨርቅ ብቻ ነው፤ አረር የለበትም፣ ድምፁ እንዲያምር ግን ጨርቁ ይበዛል። አቡ ሳሊም የመጨረሻውን ሞልተው ሙሽራው ቀድሞ ስለገባ ሳይተኩሱት ቀሩ፤ ጠዋት አረር ያለበት መሰላቸው። የእኔንም ዘንግ ያታለለው ያ የሠርግ ጨርቅ ነው። ሌላ ሰው የሞላውን ነፍጥ ባዶ ሳላደርግ የማልነካው፣ እናንተም «ጋሼ አበዛው» የምትሉኝ፣ በዚህ የተነሣ ነው።

ሞዛ አባቷን ስታይ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ቃሌን ጠብቄአለሁ፤ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አዋሽ ላይ የሸሸም፣ ተቆጥቶ የመጣም አውሬ አይቻለሁ። ተጠርቶ የመጣ ግን ያ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ደግሞ ሌላ ግልገል እናቱ ሞተችበት። አቡ ሳሊም ጡጦውን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልከው፣ ሳይነኩት፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ግልገሉ እስኪመጣ ፀሐይ አናታቸው ላይ ትወጣለች። አንድ ቀን አሳዘኑኝና እኔ በእሳቸው ፋንታ በምላሴ ልጠራው ጀመርኩ። ክንዴን ያዙኝ።

«ተው ደምሴ» አሉኝ። «ርቦት ይምጣ። አምኖን አይምጣ።»